ጳጉሜን አራት

«እህቴ» አለኝ ደርሰህ፣ በእኩለ ሌሊት፣
«መወለዴን ላኪ፣ ማኅተም ያለበት።»
አዝዬ ያሳደግሁት እኔው ነኝ በጀርባዬ፤
ጀርባዬ ይመሰክራል፣
ማኅተም ግን የለውም።

ጀርመን የገባ ለት ልደቱን ቢጠየቅ፣
«ጳጉሜን አራት» ቢል፣ ጸሐፊው ቢደነቅ፣
ጣቱን አመላልሶ በአሥራ ሁለቱ ወራት
አሥራ ሦስተኛዋን ፈልጎ ቢያጣት፣
«ጃንዋሪ አንድ» ብሎ ጻፈው እንደ ዘበት።
አብረውት የሚያድሩት ስድስቱም ወንዶች
በዚያው ቀን ነው አሉ የተወለዱት።

ይህ እስኪስተካከል፣ እስኪመዘገብ፣
ሥራ ክልክል ሆነ፤ ክልክል አይደል ረኃብ።
አራት ወር ሳህን አጠበ፣ በጓሮ በር ገብቶ፤
የሁለቱን ከፍሎት፣ የሁለቱን በልቶ፣
«ክሰሰኝ» አለው አሉ ጌትየው ተዝናንቶ።
ማን ነኝ ብሎ ይክሰስ?

እኔም እዚህ ጎንደር፣ ከሥራ አስፈቅጄ፣
አባዬን በክንዴ፣ ፋይሉን በእጄ።
ሰኞ ኔትወርክ የለም። ማክሰኞ ጠፋ መብራት።
ረቡዕ ወይዘሮ ውድነሽ፣ ቁልፉን ይዛ፣ ልቅሶ ቤት።
ሐሙስ ደረሰን ተራ፦
«ሲወለድ የነበረ ሦስት ምስክር ጥሩ።»
ሁለቱ አፈር ናቸው። አንዱን ስናፈላልግ ዋልን።
ሦስተኛዋ እትዬ ጥሩዬ፣ ዓይናቸው ቢፈዝም
ቃላቸው አልፈዘዘም፦
«የሩፋኤል ማግስት ነው። ቀሃ ሞልቶ አድሮ፣
አዋላጇ ከማዶ ቀርታ፣
እትብቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ።»
ውድነሽ ብዕሯን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠች።
«ወንዙን የት ልጻፈው?» አለች፤
«ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም።»

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ተርጓሚው ጀማነህ
ጳጉሜንን መነዘራት እንደ ውጭ ብር፤
«ሴፕቴምበር ዘጠኝ» ብሎ፣ መቶ ሃምሳ ተቀበለ።
ከዚያ አንድ ሣጥን ቀረ፦ የቤተሰብ ስም።
እኛ እንዲህ ያለ ነገር የለን።
አየና ወደ አባዬ፣ ወደ ብትሩ፣ ወደ ጫማው፦
«እዚያ ሰው የሚጠራው በአባቱ ነው፣ አቶ ጫኔ።»
ቸክችክ አደረገና አተመው።

በጥቅምት ላክን። በመጋቢት ደወለ።
ተመዝግቧል። ውል ፈርሟል።
መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል፣
ደመወዙ በባንክ ነው፣ ግብሩ ተቆርጦ፤
ቢያመው እንኳ ይታከማል።
«አንድ ነገር ብቻ» አለኝ፣ ሳቅም ሳል በሚመስል፣
«ደርሰህ የሚለኝ የለም።
አለቃው ‹ጫኔ!› ይላል። ‹ጫኔ፣ ና! ጫኔ፣ ጫን!›»

አባዬ ከአዘዞ ወዲያ እግሩ ረግጦ አያውቅም።
ዛሬ ግን ስሙ በሰው አገር
ገና ሳይነጋ ይነሣል፣
በሩ ላይ ካርድ ያስነካል፣
ይጭናል፣ ያወርዳል፣
በሕግ፣ እንደ ሰው፣ ግብር ይከፍላል።

ስነግረው ዝም አለ።
ብትሩን ከግድግዳው አስደግፎ፣
የተረፈችውን አንዲት ፎቶ ኮፒ ዘቅዝቆ እያየ፦
«እኔስ ገባሁ» አለ፤
«ደርሰህ መቼ ይደርሳል?»