አለ

ሁለት ትምህርት ይዣለሁ፤ ሁለት ደብተር ባንድ ቦርሳ፣
አንዱ ታች ከቦርከና፣ አንዱ ላይ ከእግረ ጦሳ።
ጠዋት ኮምቦልቻ፣ ላቤ ኪቦርዱ ላይ ሲንጠባጠብ፣
ማሽን አስተምራለሁ፤ አማርኛ ጮክ ብሎ እንዲያነብ።
ከሰዓት ደሴ፣ ሹራብ ደርቤ፣ ጉሙ መስኮት ሲልስ፣
ሰው ቃሉን የት እንደሚያኖር ገጽ በገጽ ሳስስ
ይመሽብኛል።

በመሃል ሐረጎ ነው፤ የማያልቅ ጥምዝምዝ መንገድ።
ዛሬ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው፣ ወሬ ሊወልድ፣
"የምን ተማሪ ነሽ?"
"የኮምፒውተር" ብል፣ "ይግላል" ብሎ ስልኩን ሰጠኝ፤
"የአእምሮም" ስጨምር፣ ፈቀቅ ብሎ ገላመጠኝ።

ማሽኔ ጎበዝ ነው። ፊደል ነው የሚያታልለው።
"ዋና" ብዬ ብጽፍ፣ ወንዝ ይግባ ወይስ ወንበር ይያዝ?
"ገና" ብል፣ በዓሉ ደርሷል ወይስ ይቀረዋል?
"ሰፊ" ብል፣ መርፌ የያዘ ሰው ነው ወይስ ሜዳ?
ፊደላችን ሁሉን ይጽፋል፤ መጥበቅና መላላትን ግን
ለአንባቢው አደራ ብሎ ይሄዳል።
መምህር ወንደሰን፣ "ብዙ ጽሑፍ አጉርሺው፤ ይለምዳል" ይላል።
እኛስ?
ያልተጻፈውን ማን አጎረሰን?

አባቴ እንድሪስ ሰፊ ነው፤ ሳይጠብቅ።
ሰኞ ገበያ፣ ከሲንጀሩ ጋር ሠላሳ ዓመት ሲጨቃጨቅ
ኖሮ፣ በጥር አንድ ጠዋት፣ ክር በመርፌ ሲያስገባ፣
ቃሉ ሁሉ ተተርትሮ ባፉ ዝምታ ገባ።
ስትሮክ ነው አሉን።
አንዲት ቃል ብቻ ተረፈች፤ ካሮጌ ኮት እንደቀረች ቁልፍ።
"ውሃ ልስጥህ፣ አባባ?"
"አለ።"
"ያምሃል?"
"አለ።"
"እኔ ማን ነኝ? ጦይባ በል። ጦ፣ ይ፣ ባ።"
ትክ ብሎ አይቶኝ፣
"አለ።"

አርባ አንድ ጊዜ ቀዳሁት። ማሽኔ አርባ አንዴ ጻፈው፤
አለ አለ አለ፣
ያችኑ ሁለት ፊደል።
ማን ምን አለ? ወይስ ማን አለ?
ሌሊት፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ፣ ምላሱ ላንቃው ላይ የቆየበትን
በሺህኛ ሰከንድ ለካሁ።
ለውሃው ላላ፤ ለእኔ ጊዜ ጠበቀ መሰለኝ።
"መሰለኝ" ለመምህር ወንደሰን ማስረጃ አይሆንም።
ለእኔም እንጃ።

ሐረጎ እኩሌታው ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ ስልኬ ነቃ፤
ወንድሜ ኡመር አራት ጊዜ ደውሎ ኖሯል።
ብመልስ መስመር የለም።
ከዚያ አንድ መልእክት፤
አባባ አለ
በቃ። ነጥብ እንኳ የለውም።

አላልቼ አነበብኩት። ምን አለ? ስሜን?
አጥብቄ አነበብኩት።
ሰው "አለ" የሚባለው መቼ ነው? "የለም" ሊባል ምን ያህል ሲቀረው?
አንድ ጥምዝ፣ ሁለት ጥምዝ፣ ሦስት፤
ሁለት ትምህርት ጭኜ፣ ሁለት ፊደል ማንበብ አቃተኝ።

ስልኬን ወደ ጎረቤቴ ዘረጋሁ፤
"ይቅርታ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው፤ ያንብቡልኝ።"
(መነጽር አድርጌ አላውቅም።)
ሰውየው አባቴን አያውቅ፣ ኡመርን አያውቅ፣
አርባ አንዱን ቅጂ አልሰማ።
ስልኩን ከዓይኑ ራቅ አድርጎ፣ ከንፈሩን አርጥቦ፣ አነበበው፤
አጥብቆ።

ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁትም።
"አባትሽ ናቸው?" አለኝ።
መንገዱ ታጠፈ፤ ትከሻው ትከሻዬን ገፋው፤
አሁን ፈቀቅ አላለም።