ድምፁ ያለበት ቦታ

ሌንሱ የኪራይ ነው፣ ከፒያሳ ያመጣሁት፣
መታወቂያ ያስያዝኩበት፣ በፎጣ የጠቀለልኩት።
ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌዋለሁ፣ እንደ አራስ ልጅ፤
ወያላው «የዕቃ ትከፍላለህ» ሲለኝ፣ «ይሄ ዕቃ አይደለም፣ ወዳጅ።»

መስቀል አደባባይ፣ ደረጃዎቹ ገና ጤዛ እንዳዘሉ፣
ከእኔ የቀደሙ አንድ ሽማግሌ አሉ።
ካርቶን አንጥፈው፣ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣
በክር የተጠለፈ ስም ደረታቸው ላይ፣ እጥበት ያሳነሰው፤
«ሩፋ» ብቻ ቀርቷል። «ሩፋኤል ነዎት?» አልኩ በፈገግታ።
«ነበርኩ» አሉ፤ «ቀሪውን ሳሙና በላው። ና፣ አለ ቦታ።»

ሠላሳ ዓመት ሞተር ፈትተው ገጥመዋል፣ ደብረ ዘይት፤
አንዴም አልበረሩም። «ለምን?»
«ማን ይቀራል ታዲያ ለመፍቻው፣ ለዘይት?»

ሜዳው ሲሞላ አንዲት ልጅ መጣች፣ ሃምሳ ብር ጨብጣ፣
አጎቷ ከኋላ በስልክ ያወራል፤ የፊት ጥርሷ ገና አልወጣ።
«በእምነት እባላለሁ። አውሮፕላኑን በሁለት ጣቴ ይዤው አንሣኝ፤
እንደ ፌንጣ፣ በክንፉ። ካመለጠኝ ግን እንዳታሳየኝ።»

አራት ሰዓት ላይ ከቦሌ በኩል ሰማዩ ተቀደደ፤
እጄ ድምፁን ተከትሎ ወደ ግዮን ሄደ።
ባዶ ሰማይ፤ ጠቅ። ባዶ ሰማይ፤ ጠቅ። አንድ የመብራት ምሰሶ፤
አራቱም በሜክሲኮ ጠፉ፣ ድምፃቸው ቀረ፣ ደረቴን ጥሶ።

ጋሽ ሩፋኤል ቀና እንኳ አላሉም፤ ዐይናቸውን ጨፍነው፣
«ሦስተኛውን ጉሮሮው ይከረክረዋል፤ አላዩትም? ወይስ ንቀው ነው?»
ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦ «ጆሮህን አትመን፣ ልጄ፤
ድምፁ ያለበት ቦታ እሱ የለም፤ ሞተሩን አውቀዋለሁ በእጄ።
ፊት ፊቱን ጠብቀው። ገና ያልደረሰበትን አንሣ፤
ይግባልህ ራሱ መጥቶ፤ አንተ ካለህበት አትነሣ።»

በእምነት ክንዷን ዘርግታ ሁለት ጣቷን ከፍታለች፤
ፀሐይ ዐይኗን እያጠበበው፣ «መጣ?» ትላለች፤ «መጣ?» ትላለች።
አንድ ጭልፊት ከእስጢፋኖስ ዛፎች ተነሥቶ ወጣ፣
ተረጋግቶ፣ ማንንም ሳይፈራ፣ በመሐላችን ተቀናጣ።
«እሱ ነው?» «አይደለም።» «ግዴለም፣ ያዘው፤ እሱም ይበራል።»
አጎቷ ከስልኩ ቀና ብሎ፦ «ለወፍ ከሆነማ ሃያ ብር ይበቃል።»

ሁለተኛው ዙር። ድምፅ የለም። ከእንጦጦ በኩል አንዲት ነቁጥ፤
ሌንሱን ከጣቶቿ መሐል አቆምኩት፣ ቀጥ።
ጠቅ።
ከዚያ ድምፁ መጣ። ቆሎ ሻጯ ቁናዋን አቀፈች፣
ሕዝቡ በአንድ አፍ ጮኸ፣ ልጅቷ ጣቶቿን ገጠመች።

«ያዝኩት?» አለች ጡጫዋን አጥብቃ። ስክሪኑን በመዳፌ ጋረድኩ፤
ሁለት ጣት፣ መሐሉ ሰማይ፤ ጠርዙ ላይ ግማሽ ጭራ። ምራቄን ዋጥኩ።
ጋሽ ሩፋኤል ጎንበስ ብለው ጡጫዋን አሸተቱ፤
«ነዳጅ!» አሉ። «የጄት ነዳጅ ነው፤ የእውነቱ።»
ሳትፈታው ሄደች። መንገድ ሲሻገሩ፣ ዜብራው ላይ፣
አጎቷ እጇን ቢፈልግ ግራዋን ሰጠችው፤ ቀኟ ወደ ሰማይ።

ብሩን ልመልስ አስቤ ነበር። አልመለስኩም። ሳምቡሳ ገዛንበት፤
ጋሽ ሩፋኤል ግማሹን በወረቀት ጠቀለሉ፤ አልጠየቅኩም ማን እንዳለ ቤት።

ማታ ሌንሱን አስረከብኩ። ባለሱቁ ወደ አምፖሉ አሻግሮ አየ፤
ጭረት የለውም። መታወቂያዬን አወጣ፣ ፎቶዬ ላይ ትንሽ ቆየ።
«አራት መቶ ጊዜ ተኩሰህ ስንቱን አገኘህ?» አለ።
ጣቶቼን አሸተትኩ።
ሳምቡሳ። ላስቲክ። ሌላም ነገር አለ።