ማደሪያ ያጣች አንድ

ከጃንተከል ዋርካ ዝቅ ብሎ፣ ከጫማ ጠጋኙ ጎን፣
አምስት ስክሪን አለኝ፤ ሰዓቱ ሃያ ብር፣ ግማሹ አሥር ሲሆን።
መብራት ሲኖር ነው ታዲያ። ሲጠፋ ደብተሬን እገልጣለሁ፤
ማን ስንት እንዳለበት፣ በእርሳስ፣ ስም በስም፣ ጽፌዋለሁ።

ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ፣ ይተኳኮሳሉ፣ ይሰዳደባሉ፤
«ግባ! ምታው!» እያሉ ወንበሬን ይሰብራሉ።
እንየው ግን አምስተኛው ጋ፣ መደገፊያው በወለቀ ወንበር፣
አንድም ሰው ሳይገድል ይውላል፣ ድንጋይ ሲደረድር።
ኩብ በኩብ ላይ ጭኖ፣ ቀይ ዱቄት በመሃል ነስንሶ፤
«ግንብ ነው?» ስለው፣ «ማሰቢያ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይነቅል መልሶ።

ማሰቢያ! በድንጋይ በማይታማ ከተማ፣
እንዲህ ያለ ድንጋይ፣ እውነቴን ነው፣ አልተሰማ።
ዳገቱ ላይ የነገሥታቱ ግንብ ስንት ዘመን ዝም ብሏል፤
የዚህ ልጅ ግንብ ግን፣ እሱ እንዳለው፣ ሁለትና ሦስት ይደምራል።
«እኔም እደምራለሁ» አልኩት፣ «ያውም ሽንኩርት እየከተፍኩ።»
ሳቀ። ስሙም እንየው አይደል? እስኪ እንየው ብዬ ቀረብኩ።

ችቦ አለ። ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል፣ ሌላ ነገር አያውቅም።
«ምናልባት» አይልም፣ «ነገ ተመለሽ» አይልም፣
እንደ ቀበሌው ጸሐፊ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አይልም።
ሁለቱ ከበሩ ሦስተኛው ይጠፋል፣ አንዱ ከጠፋ ይበራል፤
ከዚች ከአንዲት እምቢታ፣ አለኝ፣ የቀረው ሁሉ ይሠራል።
ቤቱ ሲሞላ፣ «አንድ ያዝልኝ» ብሎ ለጎረቤቱ ያቀብላል፤
ልክ በሚያዝያ፣ ቦኖው ላይ፣ ባልዲ በሰልፉ እንደሚያልፍ ያልፋል።

ስምንት ፋኖስ ሰቀለ ጫፉ ላይ፣ መልሱን የሚያነብበት፤
ስድስት ወር ፈጀ። በመሃል ስንቴ ፈረሰበት!
አንድ ቀን ሳያስቀምጠው መብራት ሄደ፣ የሦስት ቀን ሥራ በላ፤
ወጥቶ ቆመ ብቻ፣ ተጠግቶ የጫማ ጠጋኙን ጃንጥላ።
ሲመሽ መብራቱ መጣ። እሱም መጣ። ካንድ ድንጋይ ጀመረ።
ያን ቀን አልጻፍኩበትም፤ እንጃ፣ እርሳሱም ዶልዱሞ ነበረ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደልቅ፣
«እትዬ፣ ይምጡ» አለኝ።
ሃያ ሁለትን በሃያ ሁለት ላይ ጨመረ።
ችቦው ተላላከ። ደቂቃ ተኩል። («እስኪያስብ እንተኛ» አሉ ጎረምሶቹ።)
ከስምንቱ ሦስት ፋኖስ በራ። «አርባ አራት» አለ ቀስ ብሎ።
አርባ አራት! የጎንደር ታቦት ቁጥር፣ በሦስት ፋኖስ ተጠቅልሎ!
አማተብኩ። አላፍርም።

ግን ነጋዴ ነኝ። ደብተሬን አመጣሁ፣ ያልከፈለውን ቆጠርኩ፤
«እስቲ ይህን ይደምርልኝ» ብዬ ቅጠል በቅጠል ነገርኩ፦
መቶ ሰማንያ የግንቦት፣ መቶ ሠላሳ የሰኔ፤
ሦስት መቶ አሥር ነው፣ ቀድሜ ደምሬዋለሁ እኔ።
ችቦው ሮጠ፣ ፋኖሱ ተርገበገበ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፤
አራቱ በሩ። «ሃምሳ አራት ብር» አለ። ደነገጥኩ።
ጫማ ጠጋኙ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ ሳቀ፤
«ዕዳ የሚበላ ግንብ!» አለ። እንየው በላብ ተጠመቀ።

ቆይቶ ገባው። «ስምንት ቤት ብቻ ነው የሠራሁት» አለ፣ ጫፍ ጫፉን እየነካ፤
«ዘጠነኛ ቤት የላትም፣ ትልቋ አንድ። ሜዳ ላይ ወደቀች ለካ።»

ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ብር፣ ሜዳ ላይ! ማደሪያ ያጣች አንድ፣
ባልዲዋን ይዛ፣ ተቀባይ ጠፍቶ፣ የቆመች በጨለማ መንገድ።
እኔም ከደባርቅ የወረድኩ ለት፣ «ሞልቷል» ተብዬ ነበር፤
መነኻሪያው ደጃፍ፣ ሻንጣዬ ላይ፣ ያነጋሁት ሳንቲም ስቆጥር።

ማታ፣ ሦስት መቶ አሥርን ሰርዤ ሃምሳ አራት ጻፍኩ በእርሳስ፤
ከሥሩ፦ «ቀሪው፣ ዘጠነኛው ቤት እስኪያልቅ ድረስ።»

ጠዋት ሃምሳ አራቱን ከፈለኝ፣ ሄዶ ተቀመጠ ዝም ብሎ።
መብራት የለም።
አቧራ በያዘው ስክሪን ላይ፣ በጣቱ፣
አንዲት ቤት ይሥላል፣ ከስምንቱ ቀጥሎ።