ፍቺ

ራምላ፣ የብረቱ በር፣ ሐሙስ ከጠዋቱ፣
ጠባቂዋ የእኛው ልጅ ነበረች፤ «ተፈታሽ» አለችኝ፣ «እቱ»።
በላስቲክ ከረጢት የጫማዬን ማሰሪያ መለሰችልኝ፣
ከሰዓቴ ጋር። ሰዓቱ ቆሟል፤ ቢሆንም አስፈረመችኝ።

በእናቴ ቋንቋ ይህ ቃል ጓዙ ብዙ፦
ህልም ይፈታል፣ ሚስት ትፈታለች፣ ቋጠሮም ከነመዘዙ።
እኔን ግን አውቶቡስ ጥበቃ ቁጭ ስል ከአግዳሚው፣
የደረሰኝ ሌላው ፍቺ ነበር፣ ማንም የማይመኘው፤
ተፈታሁ፤
ሥራም ፈታሁ።

ሎድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የአክስቴ ልጅ ሳሎን፤
ጎህ ሳይቀድ ፍራሼን ጠቅልዬ ለቆጠራ እቆማለሁ፤ የሚቆጥር ግን ማን?
ቅጽ ሞላሁ። ስም፣ አድራሻ፣ የአባት ስም።
«ያለፉትን ሦስት ዓመታት የት ሠራሽ?» እዚያ ላይ ብዕሬ አይራመድም።
ብስኩት ፋብሪካው «እንደውላለን»፣ አረጋውያን መጦሪያው «እንጽፋለን»፤
እኔና ስልኬ ጎን ለጎን ተኝተን ዝም እንላለን።

ፔኒና መጣች። አጭር፣ ሳል የማይለቃት፣ መኪናዋ ሙሉ የውሻ ፀጉር፤
ምክር አልጀመረችም። «ተረከዝ የሌለው ጫማ አለሽ?» ነበር የመጀመሪያው ነገር።
የሆስፒታል አንሶላ የሚያጥበው ኒሲም ፊቱን አጠቆረ፤
«ሌባ ነች?» ብሎ ጠየቃት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበረ።
«የሰረቀችው ፊርማ ነው» አለችው፣ «ቼክ ላይ፣ የሌላ ሰው።
ቅጣቷን ጨርሳለች። ያንተ አንሶላ ደግሞ ፊርማ የለው።»

በመጀመሪያው ሳምንት መጋዘኑ በር ድረስ ሄጄ እቆማለሁ፤
እጄን ከጎኔ አድርጌ፣ ቁልፍ የያዘ ሰው እጠብቃለሁ።
ናዋል፣ የፈረቃችን አለቃ፣ ከእንፋሎቱ ውስጥ ጮኸች፦
«ክፍት ነው እኮ! ይቺ ሴትዮ ምን ነክቷት ደነዘዘች?»
ክፍት ነበር። ያ በር ተቆልፎ አያውቅም።
እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በር ከፍቼ አላውቅም።

ሥራ ማግኘት አንድ ነው፤ አምስተኛው ሳምንት ሌላ።
የሉድሚላ ቀለበት ጠፋ፤ ዓይን ሁሉ ዞረ ወደ እኔ ገላ።
ከማንም አፍ ቃል አልወጣም። ሽርጤን ፈታሁ፣ አጥፌ አስቀመጥኩ፣
ወጥቼ አውቶቡስ ጥበቃው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።
ፔኒና እየሳለች ደረሰች። «አይዞሽ» አላለችም፣ «ተመለሺ» አላለችም።
አንድ አውቶቡስ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። እጇን አላነሳችም።
ሦስተኛው ሲቃረብ፣ «ይኸኛው ሎድ ይገባል» አለች፣ «ከፈለግሽ።»

ስመለስ ቀለበቱ ገና አልተገኘም ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።
ከሁለት ቀን በኋላ ከትራስ ልብስ ውስጥ ወደቀ፤ ይቅርታ ማንም አላለኝ፤
ናዋል ብቻ ዛታር የተቀባ ዳቦዋን ለሁለት ገመሰችና
ግማሹን እጄ ላይ ጥላ፣ እየተነጫነጨች ሄደች።

አሁን ሥራዬ መፍታት ነው። ከሆስፒታል የመጣውን ጥቅል፣
ደም የነካውን፣ ወተት የነካውን፣ ቋጠሮውን ስፈታ እውላለሁ፤
የማን እንደሆነ አልጠይቀውም፣ እሱም ከየት እንደመጣሁ።
ጠዋት ጠዋት ሽርጤን ሁለት ዙር አስራለሁ፣ በገዛ እጄ።
ደመወዜ ገና ለክፍል ኪራይ አይበቃም።
ፔኒና አሁንም ንጋት ላይ ትደውላለች፤ ሳሏን ሰምቼ እነሳለሁ፤
ሄሎ የምንባባለው አንዳንዴ ብቻ ነው።

ትናንት አዲስ ልጅ መጣች። ከዚያው ከራምላ። ስሟን ገና አልያዝኩትም።
መጋዘኑ በር ፊት ቆመች፣ እጇን ከጎኗ አድርጋ።
ናዋል አፏን ልትከፍት ስትል አየኋትና ቀደምኳት።
አልጮህኩም።
ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ፣
እንደሷ በሩን እያየሁ፣
እስክትገፋው።