መቶ አርባ ሰባት

ጎማ ቁጠባ ላይ «ወራጅ አለ» ብዬ
ታክሲው ሳይቆም ወረድኩ፣ እንደ ልማድ ሥራዬ።
እግሬ ግን ዘገየ፤
አስፋልቱ ቀደመው፣ አጥንቴ ተለየ።

ካርድ ክፍል ገባሁ፣ አንድ ቁጥር ሰጡኝ፤
መቶ አርባ ሰባት። «ትጠራለህ» አሉኝ።
ያን ያሉኝ ጠዋት፤
አሁን ስምንት ሰዓት።
የተጠራው ቁጥር ስልሳ አንድ።

ከጎኔ አንጁሎ፣ ካዛንቺስ ከፎቅ ላይ
ከነባሬላው የወደቀ ልጅ፣
ቀኝ ክንዱን በፓስታ ካርቶን አስሮ
(የፋብሪካው ስም ይነበባል)
«ሰኞ ነው የመጣሁት» አለኝ።
ዛሬ ሐሙስ ነው።
አልጋ ቢያጣ ኮሪደሩን ለምዷል፤
ዘበኛው በስሙ ይጠራዋል፤
በደህና እጁ ለሰው ሻይ ያመላልሳል።

አጥንት ተራ አያውቅም።
ካርድ አይቆርጥም፣ ስሙን አይጠብቅም።
ዝም ካሉት በጨለማ፣ ከሥጋ ስር
እንደመጣለት ይገጥማል፤
ቤት ይምታ አይምታ ግድ የለውም፣
ጠምሞም ቢሆን ይገጥማል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት አሮጊት በዊልቸር ገቡ።
«እትዬ ወርቅያንሹ!» አለ አንድ ሽማግሌ፣
የተሰበረ እግሩን ረስቶ ሊነሳ ሲል።
«የደጃች ውቤዋ ወጌሻ!»
ኮሪደሩ ዞረ።
የስንቱን ትከሻ የመለሰ ቀኝ እጃቸው
አንጓው ላይ ታጥፎ፣
ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል።

«የራስዎን አያሹም?» አላቸው አንዱ።
«ግራዬ መች ተማረ» አሉ።

አፍሬም ቢሆን ተንፏቅቄ ቀረብኩ።
በዚያው ባልተማረው እጅ ቁርጭምጭሚቴን ዳሰሱ፣
ዓይናቸውን ጨፍነው፣
ሬዲዮ ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው፣ ቀስ፣ ቀስ።
በሆዴ «ይሳቡት» እላለሁ፤
አንዴ ቀጭ ይበልና ልሂድ፣
ማታ የፒያሳን ሰልፍ ልጫን።
ጣታቸው ቆመ።
«ልጄ፣ ይሄ ለሁለት ተከፍሏል። የእጅ ሥራ አይደለም።
ጠብቅ።»
«እስከ መቼ?»
መልስ የለም። ቁጥራቸውን አሳዩኝ፤
መቶ ሰማንያ ዘጠኝ።

አንጁሎ ሻይ አመጣላቸው፤
በግራው ሰጠ፣ በግራቸው ተቀበሉ፤
ትንሽ ፈሰሰ፣ ሳቁ።

ነርሷ በሩን ከፈተች፤ «ስልሳ ሁለት!»
ማንም አልተነሳም።
«ስልሳ ሁለት የለም?»
ቀትር ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ የወጣው፣
በወንድሙ ጀርባ ታዝሎ።
ይሄኔ ደጃች ውቤ ሰፈር ደርሶ
የእትዬ ወርቅያንሹን በር
እያንኳኳ ይሆናል።