የጀልባዋ አፍንጫ

ጃሙና ጎጇችንን አምስቴ ቢነቅለው፣
አባቴ ስድስተኛ ደለል ላይ ተከለው።
እኔ ግን ደብተሬ ላይ በቀይ አስምሬ፣
«ነርስ በሃያ፣ የግንብ ቤት በሠላሳ» ብዬ ቀምሬ፣
አንድ ጠዋት መቅዘፊያውን ነጠቅኩት ደፍሬ።

ማዶ ትምህርት ቤቱ ሲያብረቀርቅ ጣራው፣
የጀልባዋን አፍንጫ ቀጥ አድርጌ ባዞረው፣
መዳፌ እስኪላጥ ገፍቼ ብቀዝፍ፣
ቁልቁል ወስዶ ጣለኝ ጡብ ፋብሪካው ደጃፍ።
አባቴ በጣሳ ውሃ እየጨለፈ
ሳቁን ዋጥ አደረገ፤ ምንም አልለፈለፈ።

በማግስቱ ብቻ ጣቱን ቀሰረልኝ፤
«ሮኬያ፣ ወዲያ ሳይሆን ወደዚያ እይ» አለኝ፤
«ከጣራው በላይ፣ ሽቅብ፣ ዘንባባ ያውልሽ፤
አፍንጫዋን ለሷ ስጪ፣ ወንዙ ጣራው ጋ ይጥልሽ።»

ጣለኝ።

ማታ በኩራዝ ብርሃን ደብተሬን ገልጬ፣
«ሐኪም» ብዬ ጻፍኩኝ ከ«ነርስ» አስበልጬ።

በክረምቱ ሙላት ዘንባባዋ ሄደች፤
ሥሯን አንጠልጥላ ቁልቁል ተንሳፈፈች።
አባቴም ከርሞ አልቆየ።

ይኸው ክትባት ጭኜ፣ ነጭ ጋዎን ለብሼ፣
እቀዝፋለሁ ዛሬም፣ ነርስ ሆኜ ተመልሼ።
«ባዶ ሰማይ ላይ ምን ታያለሽ?» ይለኛል ተሳፋሪ።

ዘንባባዋ የነበረችበትን።