ከመፈረምዎ በፊት

ይቀመጡ፣ እመት ማልሱን። ወንበሩ ይዞራል፣ አይፍሩት።
ዶክተር ኮ ጨርሰው እስኪመጡ ወረቀቱን ላንብብልዎት።
የዓሣ ሽታ ስለያዘው እጅዎ ይቅርታ አይጠይቁኝ፤
ከዚሁ ከፑሳን ነኝ፣ ጨው ነው እኔንም ያሳደገኝ።

ልጅዎ ውጭ ትጠብቅ። ከፋይዋ እሷ ናት፤ አውቃለሁ።
ቆዳው ግን የእርስዎ ነው፤ ስለዚህ እርስዎን እጠይቃለሁ፦
ማነው ይህን የፈለገው?
                    ዝም አሉ።
                              ይሁን፣ እመለስበታለሁ።

የዐይን ቆብ ይባላል ስሙ፤ ቆብ ደግሞ ሲያረጅ ይላላል፣
ግንባር ላይ መቀመጡን ትቶ ደጁን መጋረድ ይጀምራል።
ዶክተሩ የተረፈውን ቆርጠው፣ በቀጭን ክር ይሰፋሉ፤
ከዚህ ሌላ ተአምር የለም፤ አለ የሚሉ ይዋሻሉ።
ከዐይን ሥር ያለው ጥቁረት፣ ከጥግ የሚሮጠው ሽብሽብ
በዚህ አይጠፋም። የቅንድብ መውረድም ለብቻው የሚታሰብ።

የሚውጡትን ሁሉ ይንገሩኝ፤ "መድኃኒት አይደለም" አይበሉ፤
የዓሣ ዘይቱም፣ ጂንሰንጉም ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ።
አስፕሪኑን ግን በራስዎ አያቁሙ፤ የልብ ሐኪምዎ ይጠየቁ፤
ለዐይን ብለው ልብ ያጡ አሉ፤ ይጠንቀቁ።

ዐይንዎ ይደርቃል? በንፋስ ያነባል?
"ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በረዶ ላይ ዓሣ ሸጬ፣
ምኑ ነው የማያነባው?" አሉኝ፤ ጻፍኩት ሳቄን ውጬ።
ደረቅ ዐይን ከቀዶው በኋላ ሊብስ ይችላል፤ አይናቅም፤
ለጥቂት ሌሊት ሲተኙም ገርበብ ይላል እንጂ አይገጥምም።

ያብጣል፣ ይጠቁራል።
በሦስተኛው ቀን መስታወቱን ቢያዩትም እንኳ አይመኑት፤
ከጠብ የተመለሰ ሰው ነው በዚያ ቀን የሚያገኙት።
በሁለት ትራስ ቀና ይበሉ፤ በረዶ በጨርቅ ይያዙ
(ለእርስዎ በረዶ ማስተማሬ!)፤ ሳጥኑን ግን ሌላ ሰው ይዘዙ።
ክሩ በሳምንት ይወጣል። ግራና ቀኝ እኩል አይሆኑም፤
ዛሬም እኩል አይደሉም እኮ፤ ልብ ብለው አይተው አያውቁም።
የተቆረጠ ቆዳ አይመለስም፤ ከበዛ መጠገኛው ጭንቅ ነው፤
ማስቀረት ነው ጥበቡ እንጂ፣ ማንሳትስ ለማንም ቀላል ነው።

ይህን ግን እያዩኝ ይስሙ። እስክሪብቶውን ያስቀምጡ።
ድንገት አንዱ ዐይን ቢወጠር፣
ሕመሙ ከክኒኑ ቢበልጥ፣
ብርሃን ቢደበዝዝብዎ፣ አንዱ ነገር ሁለት ቢሆን፣
እስኪነጋ አይበሉ። ልጄ ደክሟታል አይበሉ።
ይደውሉ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን።
በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፤
ለደረሰበት ሰው ግን ጥቂት የሚባል ቁጥር የለም።

ጉልበትዎን አሹ። ቆዩ።
"የሰው ፊት ለማየት" አሉኝ፣ "አንገቴን ወደ ኋላ እሰብራለሁ፤
ገዢው የናቅኩት ይመስለዋል፤ 'ኩሩዋ' ስባል እሰማለሁ።
እኔ እኮ ኩሩ አይደለሁም፤ ዐይናቸውን ፍለጋ ነው።"
ከዚያ በሩን ገልመጥ አርገው፣ ድምፅዎን ቀነስ አድርገው፣
"ደግሞ ትንሽ... ለውበትም። ለልጄ እንዳትነግሪያት።"
ቅጹ ላይ ለዚህ ሣጥን የለም፤ በልቤ ብቻ ያዝኩት።

በጥር ውርጭ ገበያ ስወርድ
ከሩቅ አዩኝ፣ አንገትዎን ሳይሰብሩት፣ ፊት ለፊት፤
የግንባርዎ ሦስት መስመሮች፣ ስንት ዓመት ቆቡን የጎተቱት፣
ሸክሙን እንዳራገፈ ኩሊ ተዘርግተው ተኝተዋል።
"የግራው ከፍ ብሏል" አሉኝ።
ነግሬዎት ነበር።
"ነግረሽኛል።"
ዓሣውን ጠቀለሉልኝ። ገንዘቡን ሳይቀበሉ
ፊቴን ብዙ አዩት፣ እንደ ሚዛን።
"አንቺ ልጅ፣" አሉ፣
"ያን ቀን ወጣት መስለሽኝ ነበር።"